ያልጮኸው ስልክ

ፕሮግራመሯ ሳንባቸው ለታመመ ሰዎች የስልክ መተግበሪያ ትሠራ ነበር። ታማሚው ቤቱ ሆኖ ጣቱ ላይ መለኪያ ያደርጋል፤ መለኪያው የኦክስጅኑን መጠን ወደ ስልኩ ይልካል። እሷ የጻፈችው ኮድ ቁጥሩን ይጠብቃል፤ ከዘጠና በታች ሲወርድ የቤተሰብም የነርስም ስልክ ይጮኻል።

አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ መለኪያው ጣታቸው ላይ እንዳለ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። የማንም ስልክ አልጮኸም።

ፕሮግራመሯ መዝገቡን ስታገላብጥ ዋለች። የሰውየው ስልክ ባትሪ ጨርሶ ጠፍቶ፣ ቻርጅ ላይ ሲሰካ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እንደገና በርቷል። መተግበሪያው እንደ አዲስ ሲከፈት የመጀመሪያው ቁጥር ሰባ አንድ ነበር። ኮዱ ግን የሚነቃው ቁጥሩ ከዘጠና በላይ ቆይቶ ሲወርድ ብቻ ነው። ገና ሲከፈት የሚገባን ቁጥር እንደ ለውጥ አይቆጥረውም። ከዚያም ወደ ስድሳ ሲንሸራተት፣ ቀድሞም ዝቅ ያለ ነውና ዝም አለ።

ይህን ጠባዩን ታውቅ ነበር። «ኋላ አስተካክለዋለሁ» ብላ አልፋዋለች።

ሥራ አስኪያጁ በሩን ዘጋ። «ልጃቸው እየመጣች ነው። ኔትወርክ ነው በያት። የሞተ አይነሳ፤ የአርባ ሰው ጉሮሮ ነው እዚህ ቤት ያለው።»

የልብስ ሰፊው ልጅ አስተማሪ ናት። ቦርሳዋን ጭኗ ላይ እንዳቀፈች ተቀመጠች።

«እህቴ፣ የዚያን ቀን ክፍል ውስጥ እንኳ ስልኬ ፊቴ ነበር። ወንድሜ ግን ‹ዘግተሽው ነው አባቴን የገደልሽው› ብሎ ከቀብሩ ወዲህ አያናግረኝም። እውነት ጮኾ ነው ያልሰማሁት?»

ፕሮግራመሯ መዝገቡን ወደ እሷ አዞረችላት።

«አልጮኸም። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

ሁሉንም ነገረቻት።

«ቁጥሩን አይቶታል ማለት ነው?»

«አይቶታል።»

«አይቶ ዝም?»

«ዝም።»

አስተማሪዋ ብድግ አለች፤ መልሳ ተቀመጠችና ከቦርሳዋ ወረቀት አወጣች። «በእጅሽ ጻፊልኝ» አለች።

ፕሮግራመሯ ጽፋ ፈረመችላት። ከዚያ የጎደለውን መስመር ጨምራ ለታማሚዎቹ ስልኮች ሁሉ ላከች። ወዲያው የሁለት ሰዎች ማስጠንቀቂያ ጮኸ፤ ነርሶቹ ለአንዷ ብቻ ደረሱላት። ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ዕቃዋን ሰብስባ እንድትወጣ አዘዛት።

በሳምንቱ አስተማሪዋ ደወለች። «ወንድሜ አነበበው። እግሬ ላይ ወድቆ አለቀሰ።» ቀጥላም «አንቺን ግን ይቅር ለማለት አንጀቴ እምቢ አለኝ» አለች።

«ይገባኛል» አለች ፕሮግራመሯ።