ያልተገለጠው አንሶላ

አልጋው አምሮ ተነጥፏል፤ አንሶላው ላይ አንዲት እጥፋት የለችም። የነርሶች መምህርቷ ግን ገና ከሆስፒታሉ ክፍል በር ላይ ደሟ ፈላ። ለሥራ ርቃ ከርማ መድረሷ ነው። ዳሌዋ ተሰብሮ መነሳት ያቃታት እናቷ አንሶላዋ እንዲህ ቀጥ ካለ፣ የነካት የለም ማለት ነው።

«እማዬ፣ ዛሬ ማን አገላበጠሽ?»

«ኧረ ደህና ነኝ። ነርሶቹ ልጆች ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመው ‹እንዴት አደሩ?› ይሉኛል፤ እግዜር ይመስገን ስላቸው ይሄዳሉ። እኔም አልጋው እንዳይበላሽ ብዬ አልንቀሳቀስም።»

የክፍሉ ደንብ ይኸው ነበር። አለቃ ነርሷ ስትዞር የተጨማደደ አንሶላ ካየች ቁጣዋ አይጣል ነው። ስለዚህ አልጋ አንዴ ከተነጠፈ በሽተኛውን ከአንገቱ በታች የሚያየው የለም። የሰው ልጅ እንግዲህ አንገት ብቻ ሆኖ ቀረ!

መምህርቷ አንሶላውን ገፈፈችው። እናቷን በጥንቃቄ ወደ ጎን አዘንብላ በትራስ ደገፈቻት። ሳትገላበጥ በመተኛቷ ከወገቧ ግርጌ ቆዳው ጠቁሯል። በእጇ ጀርባ ብትነካው ይሞቃል፤ በጣቷ ብትጫነው ጠጥሯል። ቁስሉ ገና አልፈነዳም እንጂ ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ሥጋው ይበሰብስ ነበር።

«ማነው ተረኛ?» ጩኸቷ ኮሪደሩን ሞላው።

እየሮጠች የመጣችው ነርስ አምና ራሷ አስተምራ ያስመረቀቻት ልጅ ናት።

«አንቺ ነሽ? የመለማመጃውን አሻንጉሊት እንኳ ‹ይቅርታ› ብለሽ ነበር የምታገላብጪው! ሰው ሲሆን ምን ነካሽ?»

ልጅቷ የጠቆረውን ቆዳ አይታ ክው አለች። «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እናትዎ መሆናቸውን ባውቅ ኖሮ እኮ...»

ይሄኔ ነው መምህርቷ ብግን ያለችው። እስካሁን የተቆጣችው ለእናቷ ነበር። ዞር ብላ ቀጣዩን አልጋ አየች። ክፍሉ ሁሉ «ዝምተኛዋ» የሚላት ሴት እስከ አገጯ ተሸፍና ተኝታለች። የእሷም አንሶላ ቀጥ ብሏል።

«ያቺስ? የማን እናት እንደሆነች እስኪነግሩሽ ነው የምትጠብቂው? ነይ፣ ያዢ!»

«ሂጂ ልጄ» አለች እናቷ ከትራሱ ላይ። «እኔ ተመችቶኛል።»

ግራና ቀኝ ቆሙ። ነርሷ አንሶላውን ገለጥ ስታደርገው ሽታው ቀድሞ ወጣ። መምህርቷ ሴትዮዋን ቀስ ብላ ወደ ጎን አዘነበለቻት።

ዝምተኛዋ ዓይኗን ገልጣ ሁለቱንም ተራ በተራ አየቻቸው።

«ተሳስታችሁ እንዳይሆን» አለች ቀስ ብላ፤ «እኔ እኮ ጠያቂ የለኝም።»