ጣሪያ የሌለው የመዘውር ቤት

«የመዘውሩ ቤት ጣሪያ አይገባበትም» አለ የስቲን ለሦስተኛ ጊዜ። «ፎቶግራፉ ላይ የለም።»

የስቲን ስሙ ነው፤ የቅርስ ማኅበራችን ዳይሬክተር ነው። እኛ ወዳለንበት ሰሜን ዌልስ ከካርዲፍ የመጣ ነው፤ ዌልሽኛው የደቡብ ስለሆነ እያንዳንዱን ቃል ትራስ ላይ አስተኝቶ ነው የሚናገረው። እኛ በጎ ፈቃደኞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ የድሮዎቹ የጣሪያ ድንጋይ ካባ ሠራተኞች በሠሯት የምሳ ጎጆ ውስጥ እንሰበሰባለን። እንደነሱ ሊቀ መንበር አለን፣ አጀንዳ አለን፣ በየቴርሞሳችን ሻይ አለን። የሌለን የሚሰማን ሰው ነው።

«የኔ ልጅ» አለች ኔስታ፣ «ፍሬኑ እንጨት ነው። እንጨቱ የብረቱን ጠርዝ ሲጨብጥ ነው መዘውሩ የሚቆመው። እንጨት ከራሰ ደግሞ ሳሙና ነው። አንተ በሳሙና ሦስት ቶን ድንጋይ ታቆማለህ?»

«ወይዘሮ ኔስታ፣ ስሜትዎ ይገባኛል።»

«ስለ ስሜቴ አልነገርኩህም። ስለ እንጨት ነው የነገርኩህ።»

ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። በኔስታ ቀልድ መሳቅ እቤታችን የተከለከለው ሰባት ዓመቴ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1962 ኅዳር ላይ አባቴ ኤሚር ከቁልቁለቱ ሐዲድ ግርጌ ፉርጎ ሲያያይዝ፣ ድንጋይ የጫኑት ፉርጎዎች ከላይ አምልጠው መጡበት። ላይ፣ መዘውሩ ቤት ውስጥ፣ ፍሬኑን ይዞ የነበረው ኢድዋል ነው፤ የኔስታ አባት። መርማሪዎቹ «የፍሬን ያዡ ቸልተኝነት» ብለው ጻፉ። ኢድዋል በማግስቱ ተባረረ፤ ከዚያ በኋላ ፍሬን የሚባል ነገር ሳይነካ አሥራ አንድ ዓመት ኖሮ ሞተ። እናቴ ጸሎት ቤት ውስጥ ወንበር ቀየረች። እነሱ በግራ ሲገቡ እኛ በቀኝ፣ እነሱ ሱቅ ሲገቡ እኛ ከሱቅ እንወጣለን። አንድ ሱቅና አንድ ጸሎት ቤት ባለበት መንደር ሁለት ቤተሰብ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሳይተያይ መኖር ቀላል ሥራ አይደለም። እኛ ግን ታታሪዎች ነን።

ማኅበሩ ቁልቁለቱን ማደስ ሲጀምር ከቀደሙት ፍሬን ያዦች በሕይወት የተረፈ አልነበረም። ኔስታ ግን ልጅ ሳለች ለአባቷ ምሳ ይዛ ትወጣ ስለነበር፣ እሱ ሲበላ እጀታውን ይዛለት ታውቃለች። ስለዚህ እሷን ላይ አደረጓት። እኔን ታች፣ አባቴ ይቆምበት በነበረው ቦታ። በመካከላችን አራት መቶ ሜትር አለ። ለሁለታችንም የሚስማማ ርቀት ነው።

አሠራሩ ይህን ያህል አይደለም። የተጫነው ፉርጎ ሲወርድ፣ በመዘውሩ ላይ በዞረው የሽቦ ገመድ ባዶውን ወደ ላይ ይጎትተዋል። ሞተር የለ፣ ከሰል የለ። የሚሠራው ክብደት ብቻ ነው፤ ክብደት ደግሞ አድማ አይመታም። ባለቤቶቹ የወደዱት ለዚህ ነው። የሰው እጅ የሚያስፈልገው ፍሬኑ ላይ ብቻ ነው። ጥፋት የሚለጠፍበት እጅም ያው ነው።

ግርጌው ላይ ማኅበሩ የመግለጫ ሰሌዳ አቁሟል፤ የበር ያህል የሚሆን የብረት ሰሌዳ። ከታች በኩል «በ1962 በፍሬን ያዡ ቸልተኝነት በደረሰ አደጋ የአንድ ሠራተኛ ሕይወት አልፏል» ይላል። የኔ አባት «አንድ ሠራተኛ» ነው። የእሷ አባት «ፍሬን ያዡ» ነው። ሰሌዳውን የሠራው ድርጅት ስም ግን በትልቁ ተጽፏል።

ቁልቁለቱ ሊሞከር የተቀጠረበት ቅዳሜ ከንጋት ጀምሮ ዘነበ። እዚህ አገር ይህ ዜና አይደለም። ከካርዲፍ እንግዶች መጥተዋል፤ ጃንጥላ ዘርግተው ከጎጆው ደጃፍ ቆመዋል። እኔ ታች ሆኜ በመገናኛ ሬዲዮው የላይኞቹን ንግግር እሰማለሁ።

«ዛሬ አይሆንም» አለች ኔስታ።

«እንግዶቹ እኮ አራት ሰዓት ነድተው ነው የመጡት።»

«እንግዲያው ሻይ አጠጣቸው።»

«እርስዎ ካልያዙ ሌላ ሰው እንዲይዝ አደርጋለሁ።»

ሌላ የሚያውቅ ሰው እንደሌለ እሱም ያውቃል፣ እሷም ታውቃለች።

«እሺ፤ እይዛለሁ። ግን ፍሬኑን እያስነከስኩ መዘውሩን በባዶው ላሽከርክረው። እንጨቱ በፍትጊያ ይሙቅና ይድረቅ። አባቴ በእርጥብ ቀን ግማሽ ሰዓት ነበር የሚያሽከረክረው።»

«አሥር ደቂቃ እሰጥዎታለሁ።»

አሥሩ ደቂቃ ሲያልቅ ድምፅዋ ወደኔ መጣ። «ሜሪግ።»

በሕይወቴ ስሜን ጠርታ አታውቅም።

«ሜሪግ፣ መስማትህን አውቃለሁ። እዚያ እንዳትቆም። ከግንቡ ኋላ ግባ።»

የኢድዋል ልጅ ናት አባቴ የሞተበት ቦታ ላይ እንዴት እንደምቆም የምታስተምረኝ። ልቆምላት ነበር፣ ለእልህ። በኋላ ግን ዝናቡም ስለበዛ፣ ግንቡም ትንሽ ስለሚከልል፣ ዕቃዬን ትቼ ገባሁ። ለእሷ ብዬ አይደለም።

የምልክቱን ደወል መታሁ፤ ፍሬኑን ለቀቀች። ፉርጎዎቹ የመጀመሪያውን መቶ ሜትር በሥርዓት ወረዱ። ከዚያ በሬዲዮው እንጨቱ ብረቱ ላይ ሲንሸራተት ተሰማኝ፤ የሚያቃጭል አይደለም፣ እርጥብ እጅ መስታወት ላይ ሲሄድ ያለ ድምፅ ነው። ገመዱ ሐዲዱን ገረፈው። ፉርጎዎቹ ፉርጎ መሆናቸውን ተዉት። ግርጌውን ሲመቱ ግንቡ ጀርባዬን ገፋኝ።

ስወጣ የቆምኩበት ቦታ ላይ አንድ ቶን የሚያክል ድንጋይ ነበረ። ከሥሩ ቴርሞሴ አለ። ቴርሞስ ነበረ ማለት ይሻላል። በሬዲዮ ኔስታ ስሜን ደጋግማ ትጠራለች።

«አለሁ» አልኳት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የማኅበሩ ደብዳቤ በጎጆው ውስጥ ተነበበ። የመጀመሪያ ግምገማው የአደጋው ምክንያት የፍሬን ያዧ ቸልተኝነት መሆኑን ያሳያል፤ ማኅበሩ ወይዘሮ ኔስታን ለአገልግሎታቸው ያመሰግናል፤ የማኅበሩን ጃኬትና የመዘውሩን ቤት ቁልፍ እንዲመልሱ በትሕትና ይጠይቃል።

ኔስታ ደብዳቤውን ተቀብላ ለራሷ ደግማ አነበበችው። «ከሰሌዳው ላይ ነው የገለበጡት» አለች። «አዲስ ውሸት ለመጻፍ እንኳ ታከታቸው።» ጃኬቱን አወለቀች፣ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረች፣ በዝናቡ በሹራብ ወጣች። ማንም አልተከተላትም። እኔም አልተከተልኳትም። አሥር ደቂቃ የተባለውን ግን በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ።

የንዴት ሰው ነኝ፤ አልክድም። ሃምሳ ዓመት አንድ ቁጣ ስቀልብ ኖሬያለሁ፤ ቤቱን ያውቃል፣ ሰዓቱን ያውቃል፣ ማንን እንደሚነክስ ያውቃል። የዚያን ቀን ግን በሩን ብከፍትለት ወደ ኔስታ ቤት አልሄደም። ወደ ማኅበሩ ቢሮ ሄደ፤ እኔም ተከተልኩት።

«አሥር ደቂቃ ያልከው አንተ ነህ» አልኩት የስቲንን።

«አቶ ሜሪግ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ እናገራለሁ። ጣሪያ ስጠኝ ስትልህ እምቢ ያልከውም አንተ ነህ።»

«እኛ በግምት አንሠራም» አለና ከግድግዳው ላይ ፎቶውን አውርዶ ፊቴ አስቀመጠው። «ማስረጃው ይኸው። ጣሪያ የለም።»

ያ ፎቶ ሁለት ዓመት እዚያ ተሰቅሎ ነበር። አንድም ቀን አይቼው አላውቅም፤ ማን እንዳለበት ስለማውቅ ፊቴን እያዞርኩ ነበር የማልፈው። አሁን ጠረጴዛው ላይ ስለሆነ አየሁት። ኢድዋል በመዘውሩ ቤት ቆሟል፤ ኮፍያው በስብሶ ጆሮው ላይ ወርዷል። ከራሱ በላይ የጣሪያው አግዳሚዎች ራቁታቸውን ናቸው፤ በመካከላቸው ሰማይ ይታያል።

«ጣሪያው መቼ ሄደ?» አልኩት።

«ካባው ከተዘጋ በኋላ ነፋስ ወስዶት ይመስለናል።»

«ይሄ ሰውዬስ ማነው?»

«ያልታወቀ ሠራተኛ።»

«ኢድዋል ነው። እጁ የት ነው ያለው?»

የስቲን ጎንበስ ብሎ አየ። «ፍሬኑ ላይ።»

«ኢድዋል አባቴ ከሞተ በኋላ ፍሬን ነክቶ አያውቅም። በማግስቱ ነው ያባረሩት። ስለዚህ ፎቶው ከአደጋው በፊት የተነሳ ነው፤ ጣሪያውም ያኔ አልነበረም። ደግሞ ይሄን እየው።» በፎቶው ጥግ አንድ ፉርጎ አለ። በስሱ የተፈለጠ የጣሪያ ድንጋይ ጠርዝ ለጠርዝ ተደርድሮ፣ እንዳይሰበር በመካከሉ ድርቆሽ ተደርጎ፣ ለመንገድ ተሰናድቷል። በእያንዳንዱ ድንጋይ ራስ ላይ የምስማር ቀዳዳ አለ፤ ጣሪያ ላይ የኖረ ድንጋይ ነው። «ነፋስ ድንጋይ ይወስዳል። ድርቆሽ አድርጎ ግን አይደረድርም።»

አንድ ሙሉ ተራራ የጣሪያ ድንጋይ የነበራቸው ሰዎች፣ ጥሩውን አሮጌ ድንጋይ ከፍሬን ያዣቸው ራስ ላይ ገፈው ጭነው ሸጡት። ከዚያ ፍሬኑ ራሰ። ከዚያ አባቴ ሞተ። ከዚያ እናቴ ወንበር ቀየረች።

ፎቶውን በስልኬ አነሳሁት፤ የስቲን አልከለከለኝም። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። «ቦርዱ በመጋቢት ይሰበሰባል» አለ በመጨረሻ። «የቃላት ማሻሻያ ካለዎት በጽሑፍ ያቅርቡ።»

«ካቻቢቴ አለህ?»

«ለምን?»

«ለማሻሻያው።»

ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጠኝ። አስተዳደጉ ጥሩ ነው።

ሰሌዳው በስምንት ብሎን ነው የታሰረው። ፈትቼ በጀርባዬ ተሸክሜ ኔስታ ቤት ድረስ ወጣሁ። በሩን የት እንደሚያንኳኩት እንኳ አላውቅም ነበር።

ከፍታ አየችኝ፤ ከዚያ ሰሌዳውን አየች። «ምንድነው?»

«ጣሪያ።»

በስልኬ ያነሳሁትን ፎቶ አወጣሁና እየተንተባተብኩ ሁሉንም ነገርኳት፤ አግዳሚዎቹን፣ ፉርጎውን፣ የምስማሩን ቀዳዳ። እንባ ጠብቄ ነበር መሰለኝ።

«አውቃለሁ» አለች።

«ፎቶውን አይተሽዋል?»

«የመጣ ዕለት። ለዚያ ልጅም ነግሬዋለሁ፤ ‹የቤተሰብ ትዝታ› ብሎ ፋይል ውስጥ ከተተው። የኢድዋል ልጅ ስታወራው ትዝታ ነው፤ የኤሚር ልጅ ሲያወራው ማስረጃ።» በሩን ተደገፈች። «ለእናትህም ተነግሯታል። በቀብሩ ሳምንት እናቴ እኔን ይዛ እናንተ ደጅ መጣች፤ ጣሪያውን አንስተውት ነው፣ ኢድዋል ሁለት ጊዜ አመልክቷል ልትላት። እናትህ በሩን ዘጋችው። አንተ መስኮቱ ላይ ነበርክ። ምላስህን አወጣህብን።»

አስታወስኩት። ያላስታወስኩ ብሆን ደስ ይለኝ ነበር።

«ሰባት ዓመቴ ነበር» አልኳት።

«ምላሱ ግን እስከ ዛሬ አልገባም ነበር።»

ከውስጥ መዶሻና ምስማር ይዛ መጣች፤ ከመሳቢያም ወረቀትና እስክሪብቶ።

«መጀመሪያ ጻፍ» አለች። «‹ኔስታ ነገረችኝ› አትበል። እንደ ሟቹ ልጅ ጻፍ።»

እሷ ቆማ እያየች በጉልበቴ ላይ ጻፍኩ፤ እንዲህ ብዬ፦ ‹ኤሚርን የገደለው የኢድዋል እጅ አይደለም። ከራሱ ላይ ጣሪያውን ገፈው የሸጡት ናቸው። ባለፈው ቅዳሜም የኔስታ እጅ አይደለም። ጣሪያውን የከለከላትና አሥር ደቂቃ የሰጣት ማኅበር ነው። የኤሚር ልጅ ሜሪግ።› አነበበችው። «‹ማኅበር› አትበል» አለች፤ «የዚያን ልጅ ስም ጻፍ። አባቴን ሲጽፉ ማን አዘነለት?» ‹የስቲን› ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ወደ መዘውሩ ቤት ወጣን። ቁልፉን መልሳለች፤ ግን ጣሪያ የሌለው ቤት ቁልፍ ብዙም አያስፈልገውም። እኔ ግድግዳው ላይ ወጥቼ ሰሌዳውን በፍሬኑ ትክክል አግዳሚዎቹ ላይ አጋደምኩት።

«ጽሑፉ ወደ ታች ይሁን?» አልኳት።

«ወደ ላይ። ዝናቡ ያንብበው።»

መታሁት። ፍሬኑን ብቻ ነው የሚሸፍነው፤ እኛን አይሸፍንም። ከታች የስቲን በቢጫ ካፖርቱ ወደ ላይ ሲወጣ ይታያል፤ በየሃያ እርምጃው ይቆማል፣ ወደኛ ያያል፣ እንደገና ይወጣል።

ዝናቡ ብረቱን ሲደበድበው ኔስታ መዳፏን እንጨቱ ላይ አሳረፈች። ጥቂት ቆየች።

«ገና እርጥብ ነው» አለች። «እስከ ነገ ግን ይደርቃል።»

ከዚያ ደብዳቤውን ከእጄ ወሰደችና፣ ዝናብ እንዳይነካው ከፍሬኑ እጀታ ጎን፣ ከሰሌዳው ሥር ሰካችው። የስቲን እስኪደርስ ቆመን ጠበቅነው።