ከእናት ቤት የሚያስወጣ መድን

«መኪና የለኝም እኮ ነው የምልህ!» አለች ሎርና ስልኩ ላይ እየጮኸች። «የሌለኝን መኪና ምኑን ነው መድን የምገባለት?»

«ለእንደ እርስዎ ዓይነት ሰው የተዘጋጀ አለን፣ እመቤቴ» አለ የመድን ወኪሉ ኬንዳል፣ ማር በተቀባ ድምፅ። «የሰው መኪና ተውሰው ሲነዱ ሌላ ሰው ላይ ጉዳት ቢያደርሱ የሚከፍልልዎት።»

ጣጣውን ያመጣው ታርጋ ነው። ሎርና እናቷን ልታስታምም ወደ ተወለደችባት ትንሽ የካሮላይና ከተማ ስትመለስ መኪናዋን ሸጠች፤ መድኑንም በዚያው ቀን አሰረዘች። ታርጋውን ግን ለማስታወሻ ብላ ጋራዡ ግድግዳ ላይ ቸነከረችው። በዚያ አገር ሕግ ታርጋው ለመንግሥት ሳይመለስ መድን ከተሰረዘ ደግሞ ሰውየው ያለ መድን እንደነዳ ይቆጠራል። ግድግዳ ላይ የተቸነከረ ቆርቆሮ ማንን ይገጫል? ሕግ እንዲህ ነው፤ ጨዋ ሲያገኝ ይበረታል። መንጃ ፈቃዷን አገዱት፤ ታርጋውን ብትመልስላቸውም «መድን ካላመጣሽ አንለቅም» አሏት።

እናቷ አርዲስ ሐሙስ የዓይን ሞራዋን የምትገፈፍበት ቀጠሮ አላት። ሐኪም ቤቱ በመኪና የሚመልሳት የራሷ ሰው ከሌለ አንነካትም ብሏል። አውቶቡስ በዚያ አያልፍም። ቀጠሮው ካለፈ ተራዋ ወደ ሌላ ዓመት ይገፋል፤ ሴትዮዋ ደግሞ አሁንም ልጇን የምትለያት በድምፅ ነው።

«አንዲት ጥያቄ ብቻ» አለ ኬንዳል። «በሚኖሩበት ቤት መኪና ያለው ሰው አለ?»

ሎርና በመስኮቱ አየች። ሟቹ አባቷ የተወው ቡዊክ መኪና ግቢው ውስጥ ቆሟል። «የእናቴ አለ። ልነዳ የምፈልገውም እሱን ነው።»

«እንግዲያው አይሆንም። አንድ ቤት ከኖሩ መኪናው እንደ ራስዎ ነው። በእናትዎ የመድን ውል ላይ ይመዝገቡ።»

«የእሷ መድን ሰጪዎች ደግሞ መንጃ ፈቃድ የሌለውን ሰው አንመዘግብም አሉ! መንጃ ፈቃዱ ያለ መድን፣ መድኑ ያለ መንጃ ፈቃድ! በሰው ነው የምትቀልዱት?»

«እዚያ ቤት ባይኖሩ ኖሮ አሁኑኑ እጨርስልዎ ነበር።»

«ዋሺ ነው የምትለኝ?»

«እኔ እንደዚያ አልወጣኝም፣ እመቤቴ።»

አርዲስ ከወንበሯ ተነሣች። «ስልኩን ወዲህ በይው። አንተ ልጅ፣ የማን ልጅ ነህ?»

«የ... የሐርላን፣ እመቤቴ።»

«አባትህ ደህና ሰው ነበር። እንግዲህ ሳትዘጋ አዳምጥ።»

ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትታ፣ ግድግዳውን እየዳበሰች ወደ መኝታ ቤት ገባች። የሎርናን ልብስ ሻንጣ ውስጥ ጠቀጠቀችው፤ እየጎተተችም በረንዳው ላይ ጣለችው።

«ሎርና፣ ከቤቴ ውጪ!»

«እማዬ፣ ምን ሆነሻል?»

«ውጪ አልኩሽ! ከዛሬ ጀምሮ ማዶ ጎረቤታችን ሚስ ፐርል ዘንድ ነው የምትኖሪው። በስተርጅና ውሸታም አያደርጉኝም።» ተመልሳ ስልኩን አነሣች። «ጻፍ። ልጄ እዚህ አትኖርም፤ አባርሬያታለሁ። ደስ አላችሁ?»

ኬንዳል የሚስ ፐርልን የቤት ቁጥር ጠየቀ።

የመድኑ ወረቀት በዚያው ቀን ደረሰ፤ መንጃ ፈቃዱ ረቡዕ ተለቀቀ። ሐሙስ ሎርና ቡዊኩን «ተውሳ» እናቷን ወሰደች፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ዓይኗን ታሽጋ መለሰቻት። ነርሷ «ዛሬ ብቻዋን እንዳትተያት» ብላ ነበር።

አርዲስ ግን በሩ ላይ ቆመች። «በይ ሂጂ።»

«እማዬ፣ አንድ ቀን ባድር ማን ያያል?»

«አባርሬያታለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ። ሳምንት ሳይሞላ ላስገባሽ? የወለድኩትን ልጅ ያስባረሩኝ እነሱ ናቸው ማፈር ያለባቸው። ሂጂ፣ ልጄ።»

በሩ ተዘጋ። ሎርና ደረጃው ላይ ቁጭ አለች። እናቷ እቃ እየነካካች ስትሄድ ከውስጥ ይሰማል። ከዚያ ወንበር ወደቀ። ሎርና ብድግ ብላ፣ ዕድሜ ልኳን አንኳኩታው የማታውቀውን በር እንደ እንግዳ አንኳኳች።