ሻሹ የወደቀበት ኮምፒውተር

የመጀመሪያው ጥፊ ሲጮህ ሐስና ማድ ቤት የዓሣ ሆድ እየቀደደች ነበር። ጠዋት ሁለቱ የልጅ ልጆቿ ሳይነጋገሩ ነበር ቁርስ የበሉት። ቢላውን እንደያዘች ወደ ሳሎን ሮጠች።

«አዲስ ይገዛል፣ አለቀ!» ታናሹ ከራር ጉንጩን ይዞ ይጮሃል። «ይሄ ሬሳ ኮምፒውተር ትናንትም ሥራ መሐል ቀጥ አለብኝ። የደንበኛዬ ቤት ንድፍ እንዳለ ጠፋ፤ ሥራውን ለሌላ ሰጠው!»

«ሜሞሪ ይጨመርለት፣ ፈጣን ዲስክ ይግባለት፣ ይሠራል» አለ ታላቁ ዱርጋም።

«ለአሮጊት ጥርስ ብታስተክልላት ልትድራት ነው?»

«አባዬ በእጁ የገጣጠመው ነው! ባለፈው ላጽዳው ብለህ ግማሹን ፎቶውን የደመሰስከው አንተ አይደለህ?»

አባታቸው፣ የሐስና አንድያ ልጅ፣ ገበያ ላይ በፈነዳ ቦምብ ነው የሞተው። ልጆቹን በስም ሲጠራ የሚሰማበት ቪዲዮ ያለው እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው።

«የሞተ ሰው እየጠበቅህ እኔን በቁሜ ቅበረኝ!» አለና ከራር ተፋበት።

ዱርጋም በግንባሩ አፉን መታው። ጥርስ ቀጭ አለ፤ ኪቦርዱ ላይ ደም ተንጠባጠበ። ከራር የተሰባበረ አፉን እያበሰ ከመሣሪያ ሣጥኑ መዶሻ መዘዘ። ሐስና ልትገላግል መሐል ስትገባ ዱርጋም ቢላውን ከእጇ ነጠቃት። «ወይ እጄ! ምን ይዤ መጣሁ!» ስትል የከራር ክንድ ከክርኑ እስከ አንጓው ተተርትሮ ነበር።

«በል እንግዲህ ላሳርፋችሁ!» ከራር መዶሻውን ኮምፒውተሩ ላይ አነሣ። ዱርጋም ቢላውን ወደ ወንድሙ ሆድ አዞረ።

ሐስና ጥቁር ሻሿን ከራሷ ላይ ገፍፋ ወረወረችው። በኢራቋ ባስራ ውስጥ አንዲት ሴት ራሷን ገልጣ ሻሿን ጠብ መሐል ከጣለች፣ ከዚያ በኋላ እጁን የሚሰነዝር ወንድ ሰላም የሚለው አያገኝም። ባሏ ከጎረቤት ጋር ሲታኮስ እንኳ አላደረገችውም ነበር። አሁን ግን ሽበቷ ተበትኖ ቆመች። ሻሹ መሐላቸው አልወደቀም፤ ኮምፒውተሩን ሸፈነው።

መዶሻው አየር ላይ ቀረ። ቢላውም ቀረ።

ከሻሹ ሥር የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ማጓራት ጀመረ።

«ቢቢ፣ አንሺው» አለ ዱርጋም። አያታቸውን እንደዚያ ነው የሚጠሯት። «በዚህ ሐሩር ታፍኖ ይቃጠላል!»

«ይቃጠል! እናንተን ከምቀብር እሱ ይቃጠል። ማንም እጁን እንዳይሰድ፣ ገመዱንም እንዳይነቅል! ታረቁና አነሣዋለሁ።»

የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። ዱርጋም ላቡና እንባው ተቀላቅሎ «ቢቢ፣ አባዬ ውስጡ ነው!» አለ።

«አባትህን እኔ ነኝ የወለድኩት።»

ከቦታዋ አልተነቃነቀችም። መዶሻውን መጀመሪያ የጣለው ከራር ነው።

«ዲስኩን አንተው ፍታው» አለ በደማ አፉ። «አዲስ እንገዛና እሱ ውስጥ እንከተዋለን። እኔ አልነካውም።»

«አትነካውም?»

«ከነካሁ እጄን ቁረጠው።»

ዱርጋም የወንድሙን ክንድ አየ። «ጀምሬው የለ» አለ። ቢላውን በእጀታው በኩል ለአያቱ ሰጣት።

ሐስና ሻሹን አነሣች። የጋለውን እንደጋለ፣ ጭስ ጭስ እየሸተተ ራሷ ላይ ጠመጠመችው። ዱርጋም ኮምፒውተሩን አጥፍቶ በካቻቢቴ ብሎኖቹን መፍታት ያዘ፤ ብሎኖቹ ከእጁ ይወድቁበታል። ከራር ክንዱ በፎጣ ተጠቅልሎ በደህናው እጁ ባትሪ ያበራለታል። አልተያዩም።

ቢላው ወደ ማድ ቤት አልተመለሰም። ሐስና ከፍራሹ ሥር ከተተችውና ላዩ ላይ ተቀመጠች። ዓሣው ሆዱ እንደተቀደደ ዝንብ ወረረው።