የቲኖ ንጹህ ስም

እህቴ ሉፔ ሁለት ሴት ልጆቿን ይዛ በወንድማችን በኢሳራኤሉ ጋራዥ ውስጥ መኖር ከጀመረች ቆይታለች። ጋራዥ ስል መኪና የሚቆምበትን ማለቴ ነው፣ ላሳምረው አልችልም። ምንጣፍ አንጥፈንበታል፣ መጋረጃ ሰቅለንበታል፣ ግድግዳው ግን ክረምት በገባ ቁጥር ያልበዋል፣ ሻጋታው ከአልጋዋ ራስጌ ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣል። ሉፔ ደግሞ ሳንባዋን ያማታል። ሐኪሙ «ከዚህ እርጥበት ካልወጡ መድኃኒቱ ብቻውን ምንም አያደርግልዎትም» ብሏታል። እሺ ብላው ወደዚያው ጋራዥ ተመለሰች። ወዴት ትሂድ?

ትልቋ ልጇ ፉአቲኖ፣ እኛ ቲኖ የምንላት፣ እናቷን ከዚያ ማውጣት አለብኝ ብላ ተነሳች። ቀን ነርስነት ትማራለች፣ ማታ ማታ ሱፐርማርኬት ሂሳብ ትቀበላለች። አንድ ቀን የስልኳን ክፍያ ገና ቀኑ ሳይደርስ ስትከፍል አየኋት።

«ምን አስቸኮለሽ? ገንዘቡ ኪስሽ ቢያድር ይነክስሻል?» አልኳት።

«ታሪክ እየሠራሁ ነው አክስቴ።»

«የምን ታሪክ?»

«የብድር ታሪክ። ቤት አከራዮች ገንዘብ አለሽ ወይ ብለው ብቻ አይተዉሽም። ተበድረሽ በጊዜው መልሰሻል ወይ፣ የስልክ የመብራት ከፍለሻል ወይ፣ ሁሉን ያያሉ። አንድ ቦታ ተሰብስቦ ነጥብ ይሰጠዋል።»

«ሐሜት በይኛ።»

ሳቀች። «አዎ፣ ሐሜት ነው። ብቻ በቁጥር ነው የሚያሙሽ።»

«እናትሽ ከማንም ሳንቲም ተበድራ አታውቅም። የሷ ነጥብ ስንት ነው ታዲያ?»

«ምንም። ተበድሮ የማያውቅ ሰው እነሱ ዘንድ የለም።»

ደሜ ፈላ። ዕድሜዋን ሙሉ የሆቴል ሽንት ቤት ስታጥብ የኖረች ሴት የለችም ይባላል? ቲኖ ግን አልተናደደችም፣ ለመናደድም ጊዜ አልነበራትም። ከባንክ ትንሽ የብድር ካርድ አወጣች፣ የአውቶቡሷን ብቻ በሱ እየከፈለች ወሩ ሳያልቅ ትመልሳለች። እኩዮቿ በካርዳቸው ጫማ ሲገዙ እሷ በዚያችው በተላጠች ጫማዋ ትመላለሳለች። «ድሃ መሆንሽን ባንኩ ያውቃል፣ ለምን ትደክሚያለሽ» እያልኩ እቀልድባት ነበር። እሷ ግን ትሰማኛለች እንዴ!

በመጨረሻ ከሆስፒታሉ አጠገብ ሁለት መኝታ ቤት ያለው፣ ደረቅ፣ ፀሐይ የሚገባበት ቤት አገኘች። አሁን ያለበት ተከራይ በወሩ መጨረሻ ይወጣል። የኪራይ ወኪሏ ነጥቧን አይታ «ጥሩ ነው፣ ሲለቀቅ አንዴ ደግሜ አይቼ እንፈራረማለን» አለቻት። ሉፔ ያን ቀን የመጋረጃውን ቀለም ስትመርጥ ዋለች።

እዚህ ላይ ነው ልጅቱ የተሳሳተችው። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁላችንም ኢሳራኤሉ ቤት ለምሳ ተሰብስበናል። ጣሮው፣ የአገራችን ጎደሬ፣ ወጥቷል፣ አሳው ወጥቷል፣ ሁሉም ጠግቦ ይጫወታል። ቲኖ ደስታው አላስችል ብሏት ስልኳን አወጣችና ነጥቧን ለገበታው ሁሉ አዞረችው። እኛ ከሳሞአ ደሴቶች የመጣን ሰዎች ደግሞ ያሳየነውን ነገር አናስቀርም። እንግዳ ሐብልሽን ካደነቀ አውልቀሽ ትሰጪዋለሽ፣ አለቀ። ቲኖ እዚህ ኒውዚላንድ፣ ኦክላንድ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፣ ቁጥር ከአንገት ወልቆ የሚሰጥ አልመሰላትም።

ኢሳራኤሉ መነጽሩን አድርጎ ረጅም ጊዜ አየው።

«በዚህ ነጥብ ስንት ያበድሩሻል?» አላት።

«አላውቅም አጎቴ። ለእማዬ ቤት ነው የያዝኩት።»

«አይ፣ ለማወቅ ያህል ነው።»

እኔ ያን ጊዜ በዓይኔ ገረመምኩት። መነጽሩን አውልቆ ወደ ምግቡ ተመለሰ።

በዚያው ሳምንት ታላቅ ወንድማችን ሴሙ ሞተ። ለቀብር ቤተሰብ ያመጣውን ስጦታ በሕዝብ ፊት ቆሞ የሚጠራ አፈ ጉባኤ አለን፣ የኛው አፈ ጉባኤ ደግሞ ኢሳራኤሉ ነው። የአፈ ጉባኤነት በትሩን ተደግፎ ከጠራው በኋላ መልሶ መዋጥ የለም፣ ለሟቹ ውርደት ነው። ከቤተሰቡ ያዋጣነውን የሰበሰብኩት እኔ ስለሆንኩ ምን ያህል እንደሆነ አውቀዋለሁ። ምንጣፎቹን ጠራ፣ በቆርቆሮ የታሸገውን ሥጋ ጠራ፣ የያንዳንዳችንን ጠራ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገና «ከእህቴ ከሉፔ ልጅ፣ ከነርሷ ከፉአቲኖ፣ አምስት ሺህ ዶላር!» አለ።

አዳራሹ በአድናቆት አጉረመረመ። ብድግ ስል ቲኖ ቀሚሴን ያዘችኝ።

«ተቀመጪ አክስቴ።»

«ይሄ ሰውዬ አብዷል። የሌለሽን ነው የሚጠራው!»

«እማዬን እያት።»

አየኋት። ሉፔ ወገቧን አቅንታ ተቀምጣለች፣ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፣ ከሩቅ ያሉት ዘመዶች ሁሉ ዞረው ያዩአታል። በጋራዥ የምትኖር እህት ተብላ ስንት ዓመት አንገቷን ደፍታ ነበር። ልጇ በፈቃዷ የሰጠች መስሏታል። ቁጭ አልኩ።

ውጭ ስንወጣ ግን ወንድሜን ጥግ አስያዝኩት።

«የራስህን ስም ለምን አልጠራህም?»

«የኔን ስም ማን ያበድረዋል?» አለኝ፣ ምንም ሳያፍር። «ሁላችንም እየተረዳዳን እንከፍላለን፣ እሷ የምትፈርመው ብቻ ነው። ወንድማችንን እንደ ውሻ እንቅበረው?»

ቲኖ ሰኞ አውራ ጎዳናው ላይ ካለው የብድር ሱቅ ሄዳ ፈረመች፤ በቶሎ የሚሰጥ እሱ ብቻ ነበር። ወለዱን ስትነግረኝ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት።

በወሩ መጨረሻ ወኪሏ ደግማ አየች። በትሕትና ነው የነገረቻት፣ ይህንስ አልክድባትም፤ አዲስ ብድር አለ፣ ያውም ከእንደዚህ ዓይነት አበዳሪ፣ ባለቤቱ ፈሩ። ቤቱ ለሌላ ሰው ተሰጠ። ቲኖ ለእናቷ «ባለቤቱ ለዘመዳቸው ፈለጉት» አለቻት እንጂ እውነቱን አልነገረቻትም። እኔንም እንዳትናገሪ ብላ አስማለችኝ።

መጀመሪያ ሁላችንም ከፈልን። ከዚያ የአንዱ መኪና ተበላሸ፣ የሌላው ሥራ ቀነሰ፣ ኢሳራኤሉ የሚቀጥለው ሳምንት ማለት ጀመረ። እኔ የቻልኩትን ሰጠሁ፣ እሱም አልበቃም። ቲኖ ሆስፒታል ልምምድ ላይ ነበረች፣ ልምምድ ደግሞ አይከፈልበትም። አንድ ክፍያ አለፋት፣ ሌላ አለፋት። ያ ሁሉ በተላጠ ጫማ የተሠራ ታሪክ እንደ ቀልድ ፈረሰ። ሌሎች ቤቶችም እየተከታተሉ እንቢ አሏት። ትምህርቷን ለጊዜው ነው ብላ አቆመችና ሙሉ ቀን ሱፐርማርኬት ገባች።

ክረምቱ ሲመጣ ሉፔን ልጠይቃት ሾርባ ይዤ ሄድኩ። ጋራዡ ውስጥ ትንፋሽሽን ታይዋለሽ። በሳልና በሳል መሀል ነው የምታወራው። ቲኖ ከሥራ ገብታ የደንብ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም፣ ታናሿ ፔፔ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ሰማሽ አሴናቲ» አለችኝ ሉፔ፣ «የሴሙ ሚስት እናት አረፉ።»

«ሰማሁ፣ ነፍስ ይማር።»

«ለሴሙ ያን ያህል አድርገን አሁን ባዶ እጃችንን መቆም አንችልም።» ወደ ፔፔ ዞረች፣ ፊቷ በራ። «አንቺ ደግሞ አሁን አሥራ ስምንት ሞላሽ። ስምሽ ንጹህ ነው፣ ያበድሯታል ብሎ ኢሳራኤሉ ነገረኝ። በሕዝብ ፊት የእህትሽ ስም ሲጠራ ሰምቻለሁ፣ ያንቺንም ሰምቼ ልሙት።»

ፔፔ በኩራት ቀና አለች። «እሺ እማዬ።»

እውነቱን ላፈነዳው ነበር፣ ቲኖ ግን ቀደመችኝ።

«እሷን ተያት» አለች ቀስ ብላ። «እኔ እፈርማለሁ።»

«ይሰጡሻል እንዴ?» አልኳት።

«ወለዱን ይጨምራሉ እንጂ ይሰጣሉ። እነዚህኞቹ ማንንም አይመልሱም።»

ይህን ብላ የእናቷን ብርድ ልብስ እስከ አንገቷ ሳበችላት፣ ከዚያ ጃኬቷን አንስታ ሱቁ ሳይዘጋ ልድረስ ብላ ወጣች። ሉፔ እጄን ያዘችኝ። እጇ በረዶ ሆኗል።

«አየሻት?» አለችኝ። «ጌታ እንዴት ያለች ልጅ ሰጠኝ።»

«አዎ» አልኳት። ሌላ ምን ልበላት?