የነጠላው ልክ

ጠረጴዛው ላይ ስድስት ፎቶዎች አሉ። ስድስቱም የእናቴ ናቸው፤ ቀወት ባለው ቤቷ ደጃፍ ላይ፣ ጧት አንድ ሰዓት ተኩል የተነሱ። የካሜራው ፍጥነት 125፣ የሌንሱ ቀዳዳ 16፣ የብርሃን መለኪያው መርፌ ልክ መሐል ላይ። ሁሉንም መዝግቤያለሁ። በስድስቱም ፊቷ ጥቁር ጥላ ነው።

እናቴ ብዙነሽ ፎቶውን የፈለገችው ለለቅሶዋ ነው። የእህቷ ለቅሶ ላይ የተያዘው ፎቶ ደብዝዞ ማንነቷ አልለይ ብሎ ነበር። በስልክም አልነሳም ብላለች፤ ሠርጓን ባነሳው ካሜራ ካልሆነ።

ሳሳያት "ግንባሬ ላይ ያለው መስቀል የታለ?" አለች። "ይሄን ይዘው ቢወጡ አልቃሹ የሚያለቅሰው ለነጠላዬ ነው።"

ካሜራው ሸዋ ሮቢት ውስጥ ፎቶ ቤት የነበራቸው የጋሼ ሽፈራው ነው። ዛሬ ዓይናቸው ደክሟል። መዝገቤን አነበብኩላቸው።

"ነጠላው ምን መስሎ ወጣ?"

"አመድማ።"

"ነጭ ነጠላ አመድማ ከወጣ ብርሃን አንሶታል። መርፌው ነጠላውን አይቶ ብርሃኑ በዛ አለሽ፤ አንቺም ቀዳዳውን አጠበብሽ።"

"መለኪያው ተበላሽቷል ማለት ነው?"

"አልተበላሸም። ስለ ነጠላው እውነቱን ነግሮሻል። የእጅሽን ጀርባ ለኪ፤ የቆዳሽ መልክ የእሷ ነው።"

አልገባኝም። የምሠራው ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ እዚያ መሣሪያ ወይ ልክ ነው ወይ ስህተት ነው።

የመጀመሪያው ፊልም ታጥቦ አልቋል፤ ጋሼ ሽፈራው ጋ የተረፈው ሁለት ምስል ብቻ የሚያነሳ ቁራጭ ፊልም ነው፤ ሌላ ፊልም የለም። እሑድ በዚያው ሰዓት እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ደጃፏ ላይ ተቀመጠች። ወደ እሷ ሳነጣጥር መርፌው 16 ላይ መሐል ቆመ። እጄን ሌንሱ ፊት ስዘረጋ ወረደ፤ መሐል የተመለሰው ቀዳዳውን እስከ 8 ሳሰፋው ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። አራት ጊዜ ደገምኩት። አንድ ቦታ፣ አንድ ፀሐይ፣ ሁለት ልክ።

"የምታነሺው እኔን ነው እጅሽን?" አለች እናቴ።

"አትንቀሳቀሺ፣ እማዬ።"

"እንግዲህ ለቅሶዬ ላይ እጅሽን ይያዙልኝ።"

8 ላይ አድርጌ ወደ እሷ ስመለስ መርፌው ጫፍ ድረስ ወጣ። ጣቴ ቁልፉ ላይ ቆየ። አንዱን በ16 ላነሳ አሰብኩ፤ የ16ን ውጤት ግን ስድስት ጊዜ አይቼዋለሁ። መርፌው እዚያው ጫፍ ላይ እንዳለ ሁለቱንም አነሳሁ።

ፊልሙ አዲስ አበባ ታጥቦ በአሥራ ሰባተኛው ቀን መጣ። በአንደኛው ዓይኗን ጨፍናለች። በሁለተኛው ነጠላው ነጭ ነው፣ ፊቷም ይለያል። ማስመሪያ አምጥቼ ፎቶው ላይ ለካሁ፤ ግንባሯ ላይ ያለው መስቀል ቁመቱ አራት ሚሊሜትር ነው።