የገበያነሽ የምስጋና ድንጋይ

ገበያነሽ ስትጸልይ ሰፈሩ በሙሉ ይሰማል። እግዚአብሔርን እንደ ደንቆሮ ነው የምትጣራው እያሉ ያሟታል። እሷ ደግሞ ሲያሟት ደስ ይላታል። ባሏ ከሞተ ወዲህ ያላት አንድ ልጇ በርናባስ ነው፤ ጸሎቷም ሁሉ ስለ እሱ። "ሥራ ስጠው፣ ሰው አብዛለት።"

የበርናባስ ሥራ ማስጎብኘት ነው። አሞራ ገደል ከሚባለው የሐይቅ ዳር በጀልባ ያሻግርና ከሐይቁ ማዶ ያለውን ጥቁር ተራራ ሰው ያስወጣል። ድሮ እሳት የተፋ ተራራ ነው አሉ፤ ድንጋዩ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ያብለጨልጫል፣ እንደ ጠርሙስም ይቆርጣል። እዚያ ላይ ዱካ አይቀርም። ስለዚህ አስጎብኚዎቹ መታጠፊያው ሁሉ ላይ ሦስት ሦስት ድንጋይ ይደራርባሉ። ድንጋይ ካየህ መንገድ ነው፣ ካላየህ ተመለስ ነው ነገሩ። በአንዱ በኩል ወደ ሐይቁ የተቆረጠ ገደል አለና ቀልድ የለም።

ይሄን ገበያነሽ አታውቅም። ልጇ ተራራ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደክሞት ይተኛል፤ የምታውቀው ይሄን ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ለልጇ ሳትነግር ከጸሎት እህቶቿ ጋር እዚያው ተራራ ላይ ጾም ጸሎት ያዙ። ሐሳቡ የሷ ነበር። "ልጄ እንጀራ የሚበላበት ቦታ ላይ ቆሜ ልለምን" ብላ። መሪያቸው አለምነሽ ጉልበቷን እያሸች "አንቺ ሴት፣ ጌታ ሜዳ ላይ አይሰማም ያለሽ ማነው?" አለቻት። ወጣች ግን። ሐይቁ ቁልቁል የሚታይበት አፋፍ ላይ፣ አንዲት ግራር አጠገብ፣ ሲጸልዩ ዋሉ። ሲጨርሱ እንደ ልማዳቸው "እስከዚህ ረድቶናል" ብለው የምስጋና ድንጋይ አቆሙ። ሌሎቹ አንድ አንድ። ገበያነሽ መቼ በአንድ ትረካለች፤ አንዱን ለአብ፣ አንዱን ለወልድ፣ አንዱን ለመንፈስ ቅዱስ ብላ ሦስት ደራረበች። ከሁሉም የሷ አማረ። አለምነሽ እንኳ ቀንታ አየችው።

ጸሎቱ ተሰማ። በሳምንቱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጀልባ ሞልተው መጡ። ሲመለሱ ጉም ወረደ። ሀሴት የምትባለው ልጅ እግሯ ወለም አላትና በርናባስ እሷን ደግፎ ወደኋላ ቀረ። ሌሎቹን "ሦስት ሦስቱን ድንጋይ እያያችሁ ቀስ ብላችሁ ውረዱ" አላቸው። ፋሲል የሚባለው ልጅ ከፊት ነበር። በጉሙ ውስጥ ሦስት ድንጋይ አየ፣ ወደ ድንጋዩ ሄደ። ሬሳውን ጀልባ ነው ከታች ያነሳው።

በርናባስን ፖሊስ ወሰደው። ገበያነሽ ምሳ ይዛ ሄደች።

"እማ፣ እኔ እዚያ ጋ ድንጋይ አላቆምኩም" አላት፤ ዓይኑ አብጧል። "ግራሯ አጠገብ፣ አፋፉ ላይ። እብድ እንኳ እዚያ አያቆምም።"

ምሳ ዕቃው እጇ ላይ ከበዳት። አስቀምጣለት ወጣች። የገዛ ልጇን ፈራችው።

በቀጥታ አለምነሽ ቤት ሄደች።

"ድንጋዩ የኔ ነው።"

"ድንጋይ የማንም አይደለም። ዝም በይ።"

"ልጄ ታስሮ ዝም ልበል?"

"ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ እህቴ። ነገ ሁላችንንም ይጠሩናል። የኔን ባል ታውቂዋለሽ። ደግሞ በጸሎታቸው ሰው ገደሉ ሊባል ነው?"

ገበያነሽ አልሰማቻትም፤ በማግስቱ ፖሊስ ጣቢያ ሄዳ ለመርማሪው ሁሉንም ዘረገፈችው። ሰውየው እስክትጨርስ ሰማት።

"እማማ፣ እናት ለልጇ የማትለው የለም" አላት። "በቀደም አንዷ እናት ልጇ የተያዘበትን ሞተር ሳይክል የሰረቅኩት እኔ ነኝ ብላኝ ነበር። ሳይክል እንኳ መንዳት አትችልም።"

"ሄዳችሁ እዩት፣ ድንጋዩ አለ።"

"አስጎብኚዎቹ ሌላ ሰው እንዳይወድቅ ብለው በንጋታው ጠርገውታል። ያቆመውም በርናባስ ነው ይላሉ። ሦስት መደራረብ የነሱ ሥራ ነው እንጂ የጸሎት ሴት ሥራ ነው እንዴ?"

"እህቶቼን ጠይቋቸው።"

ተጠየቁ። አለምነሽ "ጸልየን ወረድን፣ ድንጋይ የሚባል አላየሁም" አለች። የቀሩት መሪያቸው ያለችውን ደገሙ።

የቀራት ለልጇ መንገር ነበር። ነገረችው። 

"እዚያ ምን ልትሠሪ ወጣሽ?"

"ሥራ እንዲበዛልህ ልለምንልህ።"

ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት መለሰላት። "ከነገ ጀምሮ አታምጪ" ብሎ ተነስቶ ገባ። በማግስቱም ወሰደች፤ አልወጣላትም። በሦስተኛው ቀንም።

እሁድ አለምነሽ እጇን ያዘቻትና ለሴቶቹ "ዛሬ ስለ በርናባስ እንለምናለን፣ እናቱ ትጀምር" አለች። ሁሉም ያንን ድምፅ ጠበቁ።

"ጌታ ሆይ" አለች ገበያነሽ። ልጄን አስፈታልኝ ልትል ነበር። ግን በምን መንገድ እንደሚያስፈታው፣ በማን ልጅ እንደሚለውጠው ማን ያውቃል? አፏ እንደተከፈተ ቀረ። እንባዋ ብቻ ወረደ።

አለምነሽ መንፈስ ነክቷት ነው ብላ እልል አለች። ሌሎቹም ተቀበሏት።